በጣና ዳር ማረፊያችን የተከልነው ማይክሮቲክ ራውተር

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቀው የእንግዳ ማረፊያችን፣ አንድ እንግዳ የሐይቁን ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት መጫን በጀመረ ቁጥር የሌሎቹ የድምፅ ጥሪ ይቆራረጥ ነበር። ችግሩ የፍጥነት ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ ፓኬቶች፣ ማለትም መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክባቸው ትንንሽ ጥቅሎች፣ የኢንተርኔት መስመሩን የሚቀበለው ሞደም ውስጥ ረጅም ወረፋ ይዘው መዘግየታቸው መሆኑን የተረዳነው ቆይተን ነው።

የላትቪያው ማይክሮቲክ የሚያመርተውን፣ 5 የጊጋቢት ፖርቶች (የኬብል መሰኪያዎች) ያሉትን ሄክስ ራውተር ገዝተን፣ የራውተሩ ሥርዓተ ክወና በሆነው ራውተር ኦኤስ 7 የሚገኘውን ኬክ የተባለ የፓኬቶች ወረፋ ማስተናገጃ ስልት መረጥን፤ የፍጥነት ጣሪያውንም መስመሩ በትክክል ከሚሰጠው ጥቂት ዝቅ አደረግነው። ወረፋው በሞደሙ ሳይሆን እኛ በምናዝበት መሣሪያ ላይ እንዲፈጠር የሚያደርገው ይህ እርምጃ ስለሆነ፣ ማንም እንዳይዘለው አጥብቄ እመክራለሁ።

የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር ለድምፅ ጥሪ የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል የሚል ነው። አሁን ማታ ክፍሎቹ ሁሉ ሞልተው፣ ቪዲዮ እየተጫነ እንኳ ፒንግ ስሞክር፣ ማለትም መልእክት ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ ስለካ፣ ቁጥሩ እምብዛም አይዋዥቅም፤ እንግዶችም ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሳይቆራረጥባቸው ያወራሉ፤ ይህም ከልብ ያስደስተኛል።

መስመሩ ራሱ ሲቋረጥ ግን የትኛውም የወረፋ ስልት ስለማያድን፣ በሌላኛው ፖርት ተጠባባቂ የሞባይል መስመር አገናኝተናል።