ሁለተኛ ልጅ የምትጠብቁ፣ ጋሪ ከመግዛታችሁ በፊት ጋሼን አማክሩ

ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው። የሕፃናት ጋሪ የሚሸጡና የሚጠግኑ አንድ ባለሙያ አሉ፤ ትልቁም ትንሹም ጋሼ ነው የሚላቸው። ስሜና ስልኬ አደባባይ አይውጣ ስላሉ እዚህ አንጽፍም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። ቤቱ ሁለተኛ ልጅ የሚጠበቅ ሰው ግን ይህን ሳያነብ ገንዘቡን አያውጣ።

መጀመሪያ ምሬታችንን እንተንፍስ። ስማቸውን እንተወውና፣ ከጋሼ በፊት የገባንባቸው ቦታዎች ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ቀለም ነበር። ግራጫ ይሻላችኋል ጥቁር? የትልቁ ልጅ ክብደት ስንት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ደረጃ ትወጣላችሁ ወይ ያለ የለም። አንዱ ሻጭ ባለሁለት መቀመጫውን ጋሪ ሲያሞግስ ከቆየ በኋላ እስኪ እጠፈው ብንለው አቃተው። ሁለተኛው መቀመጫ ካልተነሳ እንደማይታጠፍ እሱም አያውቅም ነበር! በእግሩ ገፋ፣ በጉልበቱ ተጫነ፣ በመጨረሻ «መመሪያው ላይ አለ፣ ቤት ገብታችሁ ታዩታላችሁ» ብሎ አሰናበተን። ሌላ ቦታ ደግሞ የድሮው ጋሪ ፍሬን አልይዝ ሲል ዘይት አፍስሰውበት «አለቀ፣ ውሰዱት» አሉ። አቧራ የጠጣ ነገር ላይ ዘይት ሲፈስ ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ይህ ጥገና ሳይሆን ማባባስ ነው። የማጠፊያው መቆለፊያ ላልቶ ስለነበር እሱንም በሽቦ ጠፍረው መለሱት። ልጅ የሚቀመጥበት ዕቃ እኮ ነው!

ጋሼ ጋ የቀለም ወሬ የለም። ትልቁ ስንት ዓመቱ ነው? ስንት ኪሎ ይመዝናል? ምን ያህል መንገድ በእግሩ ይሄዳል? ጋሪውን አብዛኛውን ጊዜ የሚገፋው ማነው፣ ቁመቱስ? ደረጃ አለ ወይስ ሊፍት? ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠባቡ በር ስንት ሴንቲ ነው? የመጨረሻውን መመለስ ሲያቅት «እንግዲያው ዛሬ አልሸጥላችሁም፤ ሂዱና ለክታችሁ ኑ» አሉ። ሱቁ የገባን ገዢ ሂድ የሚል ነጋዴ እንዳለ እሳቸው ጋ ነው ያየነው።

አለካኩንም አስተማሩን። ብዙ ሰው ከመቃን እስከ መቃን ለክቶ ይሸወዳል። በሩ ራሱ ሲከፈት ቦታ ስለሚይዝ፣ እስከሚችለው ድረስ ተከፍቶ ከበሩ ፊት እስከ ወዲያኛው መቃን ያለው ክፍተት ነው የሚለካው። ከጋሪው በኩል ደግሞ ሰፊው ቦታ መቀመጫው ሳይሆን የኋላ ጎማዎቹ ናቸው፤ ሜትሩ ከአንዱ ጎማ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው ይዘረጋል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 3 ሴንቲ ካልተረፈ ጋሪው በሩን በገባና በወጣ ቁጥር ቀለም እየላጠ ነው የሚኖረው። ባለአንድ መቀመጫ ጋሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 65 ሴንቲ ስፋት አለው። ጎን ለጎን ሁለት መቀመጫ ያለው 75 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው እንደ ባለአንዱ ጠባብ ቢሆንም ርዝመቱ ስለሚጨምር ትንሽ ሊፍት ውስጥ አይዞርም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ደጋግመን የምናወራው። ፊትና ኋላ መቀመጫ ያለው ጋሪ ደስ ብሎን ስናገላብጠው ጋሼ ዝም ብለው ወደ ጓዳ ገቡና ሁለት የአሸዋ ከረጢት ይዘው መጡ። አንዱ 12 ኪሎ፣ ሌላው 5 ኪሎ፤ በላያቸው ላይ በማርከር ተጽፏል። ከባዱን ፊት፣ ቀላሉን ኋላ አስቀምጠው ቀበቶ አሰሩላቸው። ፍሬኑን ረገጡ። መግፊያው ላይ ዕቃ የሞላ ቦርሳ አንጠለጠሉ። ጋሪው ንቅንቅ አላለም። ቀጥለው የፊተኛውን ቀበቶ ፈቱና 12 ኪሎውን ብድግ አደረጉት። የፊት ጎማዎቹ ወዲያው ከመሬት ተነሱ፣ ጋሪው በመግፊያው ላይ ወደ ኋላ ተገለበጠ፣ 5 ኪሎው ከረጢት ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። «ፍሬን መንሸራተትን ነው የሚይዘው፤ መገልበጥን አይይዝም» አሉ። ይህን ካየ በኋላ መግፊያ ላይ ቦርሳ የሚሰቅል ሰው አይኖርም። ዕቃ ከታች ቅርጫቱ ውስጥ ይገባል፤ ቅርጫቱም የራሱ የክብደት ልክ አለው፣ ከጎኑ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ቦርሳ የግድ ከተሰቀለም ከልጆቹ በፊት እሱ ነው የሚወርደው። የትኛው ልጅ ቀድሞ ይቀመጥ፣ የትኛው ቀድሞ ይነሳ የሚለውን መመሪያቸው ላይ የሚጽፉ ሞዴሎች አሉ፤ ያንን ገጽ ሳያነቡ መንገድ መውጣት አይገባም።

ስለ ሞዴሎቹ ያስረዱበት መንገድ ከሁሉም ይለያል፤ የሚሸጡትን ዕቃ ጉድለት ደብቀው አያልፉም። ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ለመዞር ቀላል ነው፣ ሁለቱም ልጆች መንገዱን እኩል ያያሉ፣ መቀመጫዎቹ ለየብቻ ይጋደማሉ። ችግሩ 14 ኪሎ ልጅና 4 ኪሎ ሕፃን ሲጎራበቱ ጋሪው ወደ ከባዱ በኩል መሳቡ ነው፤ የሚገፋው ሰው ሳያውቀው አንድ እጁን ያደክማል። ትልቁ የትንሹን ፀጉር የሚጎትትበት ርቀት ላይ መሆኑም ሌላው ነው። ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው ጠባብ በር ያልፋል፤ ነገር ግን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ሲደርስ የፊቱን ማንሳት ጉልበት ይጠይቃል፣ ኋላ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእግር መዘርጊያ ያንሰዋል። ባለአንድ ሆነው ተገዝተው በኋላ የሚያድጉም አሉ። ቡጋቡ ዶንኪ ወደ ጎን ሰፍቶ ሁለተኛ መቀመጫ ይቀበላል፤ አፓቤቢ ቪስታ ደግሞ ስፋቱ ሳይጨምር ከታች ሁለተኛ መቀመጫ ይገጠምለታል። እነዚህ ልጆቹ ተቀራርበው ለሚወለዱለት ቤት ጥሩ ናቸው። ከመግዛት በፊት ግን ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ሁለተኛው መቀመጫና ማገናኛዎቹ አብረው ይሸጣሉ ወይስ ለብቻ? ሁለቱ መቀመጫዎች እንደተገጠሙ ይታጠፋል? ታጥፎ ሲያበቃስ መኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይገባል?

የክብደት ነገር ላይ ጋሼ ቀልድ አያውቁም። ኢ.ኤን. 1888 በሚባለው የአውሮፓ የጋሪ ደኅንነት መስፈርት፣ ክፍል 1 እስከ 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ ክፍል 2 ደግሞ ከዚያ በላይ እስከ 22 ኪሎ ላለው ነው። ስለዚህ እስከ 15 ኪሎ የሚል ጋሪ ላይ 17 ኪሎ ልጅ ሲቀመጥ ወዲያው አይሰበርም፤ መጀመሪያ የማጠፊያው ብሎን ይላላል፣ ቀጥሎ የፊት ጎማው ሲሄድ መርገፍገፍ ይጀምራል። ሰው ጎማው ነው ብሎ ጎማ ይቀይራል። ጥፋቱ ግን ከላይ ነው።

ሕፃኑን በተመለከተ ከእናቶች ጋር ሳይቀር ይከራከራሉ። አንገቱን ያልቻለ ልጅ ቀጥ ባለ መቀመጫ ላይ አይቀመጥም፤ አብዛኞቹ ተራ መቀመጫዎች ከ6 ወር ጀምሮ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ሙሉ በሙሉ የሚጋደም መቀመጫ ወይም ጠፍጣፋ አልጋ ያስፈልጋል። አልጋው ብዙውን ጊዜ እስከ 9 ኪሎ ነው፣ ልጁ ራሱን ችሎ መቀመጥ ወይም መገልበጥ ከጀመረ ግን ኪሎው ባይሞላም ያበቃል። የመኪና መቀመጫውን ጋሪው ላይ ሰክቶ መሄድ ይቻላል፤ በሁለቱም በኩል «ቀጭ» ማለቱን ሰምቶ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ማረጋገጥ ነው። ሕፃን እዚያ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመከራል፤ ጎብጦ ሲተኛ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ፀሐይ ነው ተብሎ ጋሪው ላይ ነጠላም ሆነ ብርድ ልብስ መጣልም አይፈቅዱም። ጨርቁ ስስ ቢሆንም አየሩ ስለማይዘዋወር ውስጡ ይግላል።

ቀበቶው ባለ 5 ነጥብ ይሁን፤ ሁለት ትከሻ ላይ፣ ሁለት ዳሌ ላይ፣ አንድ እግሮች መካከል። የትከሻው ማሰሪያ የሚወጣበት ቀዳዳ ከልጁ ትከሻ ጋር እኩል መሆን አለበት። ልጅ ሲያድግ ይህን ከፍ ማድረግ የሚረሳ ቤት ብዙ ነው።

እና ምን ሸጡ? ምንም ማለት ይቻላል! ትልቁ ልጅ ሦስት ዓመት ሊሞላው ስለሆነና ብዙውን መንገድ በእግሩ ስለሚሄድ ባለሁለቱ ጋሪ ትርፍ ወጪ ነው አሉ። የድሮው ጋሪ ተጠግኖ፣ ለሕፃኑ የሚጋደም አልጋ ተገጥሞ፣ ለትልቁ ከኋላ የመቆሚያ ሰሌዳ ይበቃል። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 20 ኪሎ ይችላል። እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አይገዛም፤ የጋሪው ቱቦ ክብ ነው ወይስ ሞላላ የሚለው ማያያዣውን ይወስነዋል፣ የሚገፋው ሰው እግር ሰሌዳውን እየመታ እንዳይሄድ መግፊያው የሚረዝም መሆን አለበት፣ መቀመጫው ወደ ኋላ ሲጋደምም ለቆመው ልጅ ጭንቅላት ቦታ መትረፉ ይታያል። ትልቁ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ቢሆን ኖሮ ባለሁለቱን ራሳቸው ይመክሩ እንደነበር ነግረውናል።

ጥገናውን ደግሞ እዩልን። የኋላ ጎማውን ቁልፍ ተጭነው ነቀሉት። ዘንጉ ላይ ፀጉርና ክር ተጠምጥሞ፣ ያ የፈሰሰበት ዘይት ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። በመቀስ ጫፍና በፒንሳ ክሩን መዘው አወጡ፣ ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ጠረጉ፣ ፍሬኑ የሚገባባቸውን ጥርሶች በጥርስ ብሩሽ አጸዱ። ፍሬኑ ሳይያዝ የቀረው ፒኑ በጭቃው ምክንያት እስከ መጨረሻው ስለማይገባ ነበር። ዘይት ሳይሆን ትንሽ የሲሊኮን ስፕሬይ ብቻ ነው የነኩት፤ እሱ አቧራ አይሰበስብም። ነፋስ ያለባቸውን ጎማዎች በጎናቸው ላይ በተጻፈው ልክ ሞሉ፤ አንዱ ጎማ ከሌላው ካነሰ ጋሪው ይጎትታል። በሽቦ የታሰረውን መቆለፊያ ፈተው ውስጡን ምን እንዳደረጉት ግን አልገባንም፤ ሞላ ቀይረዋል መሰለን። አሁን ሲዘረጋ ጥርት ያለ ድምፅ አለው።

መጨረሻ ላይ ጋሪው ሲዘረጋና ሲታጠፍ ልጆች ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ ብለው አስጠነቀቁን። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ታጣፊ ጋሪዎች ማጠፊያቸው የልጆችን ጣት ጫፍ በመቁረጡ ጉድለታቸው እንዲስተካከል በአምራቹ ተጠርተዋል፤ ለባለቤቶቹ የተላከው መፍትሔም የማጠፊያ መሸፈኛ ነበር። ያገለገለ ጋሪ የምትገዙ ይህ መሸፈኛ መኖሩን፣ ቀበቶው ከነዘለበቱ የራሱ መሆኑን፣ ሞዴሉ መለዋወጫ ያልተቋረጠበት መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ።

ሂዱ፣ አማክሯቸው! በድጋሚ እንላለን፣ ሂዱ! የበሩን ስፋት፣ የመኪናውን ዕቃ መጫኛ ርዝመትና ከፍታ፣ የልጃችሁን ኪሎ ጽፋችሁ ያዙ። የድሮውን ጋሪም አትጣሉት፣ ይዛችሁት ሂዱ። ልጁንም ውሰዱት፤ ቀበቶውን በእሱ ልክ ነው የሚያስተካክሉት። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ለሚያስፈልገው ሰውም አጋሩት።