ስታቢላይዘሩና የእማማ ምጣድ፦ ከ11 ወር በኋላ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሸክላ አስቀምጬ፣ ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ገና ሳክስፎኑ ሲገባ ከመደርደሪያው ሥር «ቀጭ» አለ። ቆይቶ «ቀጭ ቀጭ»። አከራዬ እማማ ምጣድ ሰክተዋል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይበላል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፒር ነው። የኛ ግቢ ደግሞ አምስት ቤት ከአንድ ቀጭን ሽቦ የሚጠጣበት ነው። አንዱ ሲጋግር የሌላው አምፖል ይደበዝዛል።

ያ «ቀጭ» ሲል የነበረው የመጀመሪያው ስታቢላይዘሬ ነው፣ ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልት 220 አካባቢ የሚያቆየው ሳጥን፤ ሪሌ የሚባለው ዓይነት፣ 1000 ቪኤ (ቪኤ ሳጥኑ የሚችለው ጭነት ነው)። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው። ሰርቮ ሞተር ያለው፣ 2000 ቪኤ፣ ዋጋው የሪሌው እጥፍ። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ አብረን ነን። ብራንዱን አልጠራም። መርካቶ ውስጥ ያንኑ ሳጥን፣ በዚያው ቁልፍና በዚያው ቀይ ቁጥር፣ ሦስት የተለያየ ስም ተለጥፎበት ስላየሁት ስሙ ብዙም አይጠቅማችሁም።

የሰካሁበት ዕቃ ጥቂት ነው። አንድ የቆየ ያማሃ አምፕሊፋየር፣ ስፒከሮቹ፣ ሸክላ ማጫወቻው፣ ስልኬን የማገናኝበት ትንሽዬ ብሉቱዝ። በቃ።

ሁለተኛውን ከመግዛቴ በፊት ቴስተር ገዝቼ አንድ ሳምንት ሙሉ የሶኬቱን ቮልት ለካሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ያላደረግሁት ይህን ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 226። ቀን 6 ሰዓት 214። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ቤት ገብቶ ምድጃ ሲለኮስ፣ 183። ቅዳሜ ምጣዱ ተሰክቶ 171። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ስለካ ደግሞ 241! (ባለቤቴ በጨለማ ሶኬት ሥር ተንበርክኬ ስታገኘኝ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።) እናንተም መጀመሪያ ለኩ። ቴስተር ከስታቢላይዘር ጋር ሲነጻጸር በነፃ ነው። ቤታችሁ ከ210 እስከ 230 መሀል የሚውል የሚያድር ከሆነ ብራችሁን ስፒከር ላይ አውሉት።

አጎቴ ዋሽንግተን ነው ያለው። «ፉርማን የሚባል አለ፣ ሙዚቀኞቹ እሱን ነው የሚጠቀሙት፣ በሰው ልላክልህ?» አለኝ። አመስግኜ ተውኩት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ እዚያ ሱቅ የሚገኘውም ለዚያው የተሠራ ነው። ደግሞ እንደ ፉርማን ፓወር ኮንዲሽነር ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ሥራቸው ማጣራት ነው። በመስመሩ የሚመጣውን ጫጫታ ይቀንሳሉ፣ ድንገተኛ ምት ይመክታሉ። የወረደን 171 ወደ 220 አያነሱም። የኔ ቤት መብራት ግን ደካማ ነው፤ የሚያስፈልገው ደጋፊ ነበር።

ሁለቱም ዓይነት ስታቢላይዘር ሆዱ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ነው። ሪሌው ትራንስፎርመሩ ላይ ካሉት ጥቂት መውጫዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ «ቀጭ» የሚለው እሱ ነው። ስለሚዘልም ልክ 220 ላይ አያርፍም። የኔው አንዴ 205፣ አንዴ 234 ሲሰጥ ለክቼዋለሁ። ሰርቮው ክብ ትራንስፎርመር አለው፤ በላዩ ላይ ትንሽዬ ሞተር የካርቦን ብሩሽ እየገፋች ትሄዳለች። የድሮ ሬዲዮ ጣቢያ ሲፈለግ እንደሚደረገው ማለት ነው፣ ቀስ እያለ ልኩን ያገኛል። በ11 ወር ውስጥ፣ ሞተሯ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ፣ ከ217 በታች ወይም ከ223 በላይ ለክቼ አላውቅም።

ችግሩ ያ «ቀስ እያለ» ነው። እማማ ምጣዱን ድንገት ሲነቅሉት መብራቱ ዘሎ ይወጣል፤ ብሩሹ እስኪመለስ ለአንድ አፍታ የቤቴ ቮልት ከልኩ በላይ ነው። አምፕሊፋየሩ እስካሁን ምንም አላለም፤ ቁጥሯ ዘላ ስትመለስ ሳይ ግን ደስ አይለኝም።

ጸጥ ያለ ነው ብለው ነበር የሸጡልኝ። ከሪሌው ጋር ሲተያይ አዎ። ግን ማታ ክራር ብቻ እያዳመጥኩ ሞተሯ «እዝዝ» ስትል ይሰማኛል። ትራንስፎርመሩም ለራሱ ያንጎራጉራል። የባሰው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሳጥኑን ከሸክላ ማጫወቻው ሥር አስቀምጬው ነበር። ክንዱን አንስቼ ወደ ሸክላው ስወስደው ከስፒከሩ «እምምም» ይመጣል፤ በተጠጋሁ ቁጥር ይጨምራል። የትራንስፎርመሩ መግነጢስ የመርፌው ጭንቅላት ውስጥ እየገባ ነው። ሳጥኑን ሁለት ሜትር አርቄ ከበሩ ጀርባ ሳስቀምጠው ለቀቀ።

ከዚያ በኋላም ትንሽ «እም» ቀርቶ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስታቢላይዘሩን ስረግም ከረምኩ። ለካስ ከሸክላ ማጫወቻው የምትመጣው ቀጭኗ የግራውንድ ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ብሎን ላልታለች። በጣቴ አጠበቅኳት፣ አለቀ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ድምፁ ተሻሻለ ወይ?» ነው። ጓደኛዬን ጠራሁና ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። እሱ አንዴ ከግድግዳው፣ አንዴ ከስታቢላይዘሩ እየሰካ ያንኑ ዘፈን 10 ጊዜ አጫወተልኝ። 6 ጊዜ አገኘሁት። ሳንቲም ወርውሬም ያን ያህል አላጣም። የዚያን ቀን ግን ሶኬቱ 218 ነበር። ማታ 180 ሲሆን ነገሩ ይለያል። አብዛኛው የቤት አምፕሊፋየር የሚያወጣው ከፍተኛ ጉልበት በቮልቱ ስኩዌር ነው የሚሄደው፤ በ180 የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። ዝግ አድርጎ የሚያዳምጥ አይታወቀውም። ልደት ላይ ከፍ ሲደረግ ግን ከበሮው ይፈረካከሳል። አሁን ያ ቀርቷል። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ ቮልት ወረደ ብሎ መጨነቅ የለበትም፤ ራሱ ያስተካክለዋል።

አጎቴ በኋላ ዝም አላለም፣ ሸክላ ማጫወቻ ላከልኝ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (መብራቱ በሴኮንድ የሚመላለስበት ብዛት)፣ ሞተሩም ቀጥታ በዚያ ምት የሚሽከረከር። ማውረጃ ትራንስፎርመር ገዝቼ ሰካሁት። የጥላሁን ድምፅ እንደ ታመመ ሰው ተጎተተ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 33 ዙር መሄድ የነበረበት 28 አካባቢ ነው የሚሄደው። ቮልት የሚያስተካክል ሳጥን ኸርዝን አይነካም። ያ ማጫወቻ አሁን የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል።

ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ሲዘንብ አምፖሎቹ ድንገት ነጭ ሆኑ። ፀሐይ የወጣ ነው የመሰለኝ። ከበሩ ጀርባ «ጧ» አለ። ሮጬ ሳይ ቁጥሩ 287 ይላል፣ መውጫው ተዘግቷል። ፍሪጁን ነቀልኩ፣ ቆጣሪው ጋ ሄጄ ሁሉንም አጠፋሁ። ጠዋት ሲታይ ከግቢው ውጭ ኒውትራሉ፣ መመለሻው ሽቦ፣ ተበጥሷል። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራል ሲበጠስ አንዱ ቤት ይጨልማል፣ ሌላው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ጎረቤቴ ቲቪና ዲኮደር ተቃጠለበት። የኔ አምፕሊፋየር ማታውኑ ዘፈነ። ከገዛሁት ወዲህ የከፈልኩትን ብር የረሳሁት ያኔ ነው።

ስትገዙ ቪኤውን ሳሳ አታድርጉት። 2000 የሚለው መብራቱ ደህና ሲሆን ነው፤ ወደ 150 ሲወርድ ሳጥኑ የሚችለው ግማሽ ገደማ ነው። አምፕሊፋየር ሲበራም ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል። የዕቃችሁን ዋት ደምራችሁ ቢያንስ ሦስት እጥፉን ግዙ። ሻጩ ፊት አስከፍቱት፦ ክብ ትራንስፎርመርና ብሩሽ ካላያችሁ «ሰርቮ ነው» ቢልም ሪሌ ነው። ብሩሹ ያልቃል፤ የኔን ባለፈው ወር ሳየው ጥቁር ዱቄት አራግፏል፣ ግን ገና አለው።

ከዚያች ሌሊት በኋላ እማማ መጥተው ከበሩ ጀርባ ያለውን ሳጥን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ የኔን ፍሪጅ እዚህ ብንሰካውስ?»

«እማማ፣ ለርስዎ ሌላ አለኝ» አልኳቸው።

አሮጌውን ሪሌ ከአልጋ ሥር አወጣሁላቸው። መብራት ሲመለስ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ስለሚለቅ ለፍሪጅ እንዲያውም እሱ ይሻላል። አሁን እሳቸው ሳሎን ነው «ቀጭ» የሚለው። ቅዳሜ ቅዳሜ በመስኮት ብቅ ይላሉ፦ «ምጣድ ልሰካ ነው፣ ሙዚቃህን ቀንስ!»

«ግድ የለም፣ ይስኩ!» እላቸዋለሁ።