ሬቮሉሽነሪ ኮሚክስ፦ ሳያስፈቅዱ የተሳሉ የዝነኞች ታሪኮች

ሬቮሉሽነሪ ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ1989 በካሊፎርኒያዋ ሳን ዲዬጎ ከተማ ተቋቁሞ በ1994 የተዘጋ ትንሽ የኮሚክስ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች፣ አሳታሚ ነው። መሥራቹ ቶድ ሎረን የሮክ ሙዚቀኞችን ሕይወት በሥዕል ሲያሳትም ባለታሪኮቹን ፈቃድ አይጠይቅም ነበር። ይህንንም አልደበቀም፤ «ያልተፈቀደ ነው፣ እንኮራበታለን» የሚል መፈክር ይዞ ነው የወጣው። እነዚህን መጽሔቶች ዛሬም ፈልጎ ለመግዛት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ሲያነቡ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዋናው ተከታታይ «ሮክ ኤን ሮል ኮሚክስ» ይባላል። ቁጥር 1 ስለ ሮክ ባንዱ ጋንስ ኤን ሮዝስ፣ ቁጥር 2 ስለ ሌላው ባንድ ሜታሊካ ነበሩ። ውጭው ባለቀለም ሽፋን፣ ውስጡ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። የሥዕሉ ጥራት ከቁጥር ቁጥር በጣም ይለያያል፤ ሠዓሊው ስለሚቀያየር አንዱን አይቶ በሌላው መፍረድ አይቻልም። ብዙዎቹ ፊቶች ከታወቁ ፎቶግራፎች የተወሰዱ ይመስላሉ። ስለዚህ ዘፋኙ መድረክ ላይ ሲሆን ወዲያው ይታወቃል፤ ቤቱ ተቀምጦ ሲያወራ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሠዓሊው እየተናገረ፣ እየተቆጣ፣ እያዘነ ያለ ፊት የሚቀዳበት ፎቶ የለውማ! በኋላ ሱፐርማንን በመሣል ስሙ የገነነው ስቱዋርት ኢሞነን ከጀማሪነት ሥራዎቹ ጥቂቱን የሠራው እዚህ ነውና፣ የእሱ እጅ ያለበት ቁጥር ከተገኘ ባይታለፍ ጥሩ ነው።

ጽሑፉ ከሥዕሉ ይሻላል። በባለታሪኩ ፈቃድ የሚወጣ የሕይወት ታሪክ የሚዘላቸውን ነገሮች፣ አደንዛዥ ዕፁን፣ የገንዘብ ጠቡን፣ ከባንዱ የተባረረውን ሰው፣ እነዚህ በግልጽ ያነሷቸዋል። ችግሩ የአንድ ባንድ የብዙ ዓመት ታሪክ በአንድ ቀጭን መጽሔት መታጨቁ ነው። ጽሑፉ ሥዕሉን ይሸፍነዋል፤ አንድ አልበም በአንድ የሥዕል ሣጥን ያልፋል። ሰዎቹ የሚነጋገሩትም ቢሆን አብዛኛው ጸሐፊው ትዕይንቱን ለመገንባት የፈጠረው ንግግር ስለሆነ እንደ ቃለ መጠይቅ ሊጠቀስ አይገባም። ለዚህ ነው ለአዲስ አንባቢ በቅድሚያ የምንመርጥለት አንድን ባንድ በብዙ ቁጥር የሚተርኩትን፦ የቢትልስ 8 ቁጥር፣ የፒንክ ፍሎይድ 5 ቁጥር አለው። እዚያ ታሪኩ ይተነፍሳል።

የአሳታሚው ትልቁ ውለታ ፍርድ ቤት ውስጥ የተሠራ ነው። ኒው ኪድስ ኦን ዘ ብሎክ በተባለው የወጣት ዘፋኞች ቡድን ጉዳይ ክርክር ተነሥቶ፣ የሳን ዲዬጎ የፌዴራል ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1990 እንዲህ ያለ የሥዕል የሕይወት ታሪክ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመናገር ነጻነት እንደሚጠበቅ ወሰኑ። የዘፋኝን መልክ ካናቴራ ላይ አትሞ መሸጥ ሌላ ነው፤ ሕይወቱን መተረክ ሌላ። ይህ ልዩነት ለኮሚክስ መነገሩ ከእነሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ በር ከፍቷል።

ሎረን እ.ኤ.አ. በጁን 1992 መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ተገድሎ ተገኘ፤ በግድያው የተፈረደበት ሰው የለም። ድርጅቱን አባቱና አዘጋጁ ጄይ አለን ሳንፎርድ ሁለት ዓመት ያህል አቆዩት። ከዓመታት በኋላ ብሉዋተር የተባለ አሳታሚ ብዙዎቹን ሰብስቦ በመጽሐፍ መልክ አውጥቷቸዋል። ለንባብ ብቻ ከሆነ እነዚህ ጥራዞች ይበቃሉ።

የመጀመሪያውን እትም የሚፈልግ ግን ቁጥር 1ን ሲገዛ ይጠንቀቅ። ተፈላጊ ስለነበር ደጋግሞ ታትሟል። ሽፋኑ ላይ «1» መባሉ ብቻ የመጀመሪያ ኅትመት አያደርገውም፤ ሻጩ የሽፋኑንና የአሳታሚው መረጃ በጥቃቅን ፊደል የሰፈረበትን ገጽ ፎቶ እንዲልክ ይጠየቅ፣ ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ የሚፈለገው እዚያ ነው። የሽቦ ስፌቱም በቅርብ ይታይ። ዝገቱ ወረቀቱን ካቀለመው መጽሔቱ እርጥበት ቆይቶበታል ማለት ነው፣ የመሐል ገጾቹም ቶሎ ይላቀቃሉ። ርካሽ ወረቀት ውስጡ ባለው አሲድ የተነሣ ከጠርዙ ጀምሮ ይቢጫል፤ የቢጫነቱ ሂደት ይዘገያል እንጂ አይመለስም። ከአሲድ ነጻ የሆነ ካርቶን ከጀርባው አድርጎ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ በተሠራ ከረጢት መክተት፣ ከፀሐይ ማራቅ፣ ሣጥን ውስጥ ሳይጎብጥ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። ከረጢቱ ሲደበዝዝ ወይም ሲጨማደድ ይቀየር። የተቀደደ ገጽ በተራ ፕላስተር አይለጠፍ፤ ሙጫው በጊዜ ብዛት ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከመቀደዱ የባሰ ጉዳት ነው።