ለፓቶሎጂ ክፍላችን ባለሙያዎች ምስጋና፤ ናሙና ለምትልኩም ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው የቀዶ ሕክምና ክፍል ባልደረቦች ነን። የምናመሰግነው ደግሞ ታካሚው መልካቸውን እንኳ ሳያይ ተፈውሶ የሚሄድላቸውን ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩትን የፓቶሎጂ ሐኪሞቻችንንና ቴክኖሎጂስቶቻችንን ነው። ጨጓራ ላይ የሚወጣን ሽዋኖማ በትክክለኛ ስሙ ስለሚጠሩልን ነው።

ሽዋኖማ ነርቭን ከሚሸፍኑት የሽዋን ሴሎች የሚነሳ፣ በአብዛኛው ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። በብዛት የሚታወቀው ጆሮ ውስጥ ባለው የሚዛን ነርቭ ላይ የሚወጣው ቢሆንም፣ ምላስ ላይም፣ ክንድ ላይም፣ ከሆድ ዕቃ ጀርባም ይገኛል። የጨጓራው ግን በተለይ ያሳስታል። ከጡንቻው ንጣፍ ስለሚነሳ በኢንዶስኮፒ የሚቆነጠረው ናሙና ብዙ ጊዜ የላይኛውን ሽፋን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ውጤቱም «ጋስትራይተስ» (የጨጓራ ሽፋን መቆጣት) ተብሎ ይመጣል። በሲቲ ስካን ደግሞ ጂስት ከሚባለው ሌላ የጨጓራ ግድግዳ ዕጢ መለየት ይከብዳል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ጂስት የተገኘበት ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት ለዓመታት ሊታዘዝለት ይችላል። ሽዋኖማ ያለበት ሰው ግን ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣለት መድኃኒቱ አያስፈልገውም።

እነዚህ ባለሙያዎች ስፒንድል ሴል (እንደ እንዝርት የረዘመ ሴል) ስላዩ ብቻ «ጂስት ነው» ብለው አይቸኩሉም። በዕጢው ዙሪያ ቀለበት ሠርተው የተሰበሰቡ ሊምፎሳይቶችን (የመከላከያ ነጭ የደም ሴሎችን) ይፈልጋሉ። የፓቶሎጂ ሐኪሙ ቬሮካይ በ1910 የገለጻቸው፣ የሽዋኖማ ምልክት የሆኑት የኒውክለስ (የሴል አስኳል) ረድፎች በጨጓራው ሽዋኖማ እምብዛም ስለማይታዩ፣ እነሱን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ያልፈዋል። ቀጥሎ የሴሎቹን ፕሮቲኖች በቀለም የሚያሳየው የማቅለም ምርመራ ይመጣል፤ ሽዋኖማ ከሆነ፦ ኤስ100 እና ሶክስ10 ፖዘቲቭ፣ ሲዲ117 እና ዶግ1 ኔጋቲቭ። እኛን የሚያስደንቀን ጥንቃቄያቸው እዚህ ላይ ነው። ሲዲ117 ኔጋቲቭ ሲሆን በዚያው ስላይድ ላይ ያሉት ማስት ሴሎች (በሲዲ117 መቅለም ያለባቸው ጤነኛ ሴሎች) መቅለማቸውን ያያሉ፤ እነሱም ካልቀለሙ ምርመራው ስላልሠራ ይደገማል። ጥቂት ጂስቶችም በሲዲ117 ስለማይቀልሙ አራቱን አንድ ላይ ሳያዩ ውጤት አይፈርሙም።

ከሌላ ሆስፒታል ለምትልኩ፣ ሥራቸውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አላላካችን ነው። ጠባብ አፍ ባለው ዕቃ ተጨምቆ የገባ ትልቅ ዕጢ መሃሉ ይበሰብሳል፤ ሥጋውን ከመበስበስ የሚያቆየው ፎርማሊን በሰዓት 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚገባው። የበሰበሰ ሥጋ ደግሞ ቀለሙን በትክክል አይዝም። አፈ ሰፊ ዕቃ ተጠቀሙ፤ 10 በመቶ በፈር የተደረገ (አሲድነቱ የተስተካከለ) ፎርማሊን ከናሙናው 10 እጥፍ ይሁን። በሳላይን (በጨው ውሃ) ነክራችሁ ወይም በደረቅ የቁስል ጨርቅ ጠቅልላችሁ አታሳድሩት። ዕጢው ትልቅ ከሆነና መንገዱ ረጅም ከሆነ ደውሉላቸው፤ ጠርዙ ሳይበላሽ የት ጋር እንደሚሰነጠቅ ይነግሯችኋል፣ ስልክ ለማንሳት አይሰለቹም።

የጥያቄ ወረቀቱ ላይ «እብጠት» ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ። ዕጢው ከየትኛው የጨጓራ ንጣፍ እንደተነሳ ጻፉ። የክንድ ወይም የእግር ከሆነ ሲነካ ወደ ጣት የሚሮጥ ንዝረት ነበረው ወይ? ወደ ጎን እየተንቀሳቀሰ በነርቩ አቅጣጫ እምቢ ይል ነበር? ታካሚው ሌላ ዕጢ ወይም የመስማት ችግር ካለው ይህም ይጻፍ፤ በዘር የሚመጣ ሽዋኖማቶሲስ (ብዙ ሽዋኖማ የሚያወጣ ሕመም) ሊሆን ስለሚችል።

ታካሚዎችም ሌላ ቦታ «ጂስት» ተብላችሁ ኤስ100 ካልተሠራላችሁ፣ የፓራፊን ብሎኩን (ናሙናችሁ በሰም ውስጥ የተቀመጠበትን) ከመረመራችሁ ላቦራቶሪ ጠይቃችሁ ለድጋሚ ንባብ ማምጣት ትችላላችሁ። የጀመራችሁትን መድኃኒት ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቁሙ። የክፍሉን አድራሻ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንልካለን።