«ውሃ አይፈራም» ብሎ የላሚኔት ወለል ሸጠልኝ፤ እናንተ እንዳትሸወዱ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላኝም። የቤታችሁን ወለል ልታሠሩ ያሰባችሁ ሁሉ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ብር ይዛችሁ እንዳትወጡ።

ቤቴ ጀሞ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ስንረከበው ወለሉ ባዶ ሊሾ ነበር። ለዓመታት የፕላስቲክ ምንጣፍ ጣል አድርገንበት ኖርን። ዘንድሮ እቁብ ወጣልኝና በቃ ወለሉ ይሠራ አልኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ሴራሚክ ነበር። ሴራሚክን ሁላችንም እናውቀዋለን። ውሃ ቢፈስበት፣ ከረከቦቱ ሥር ፍም ቢወድቅበት፣ ለበዓል እርጥብ ቄጠማ ቢጎዘጎዝበት ችግር የለም። ፖርስሊን የሚባለው ደግሞ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ ግማሽ በመቶ አይበልጥም። ግን ይቀዘቅዛል። እማዬ አብራኝ ናት፣ ጉልበቷን ያማታል። ክረምት ላይ ጠዋት ከአልጋ ወርዳ ሊሾውን ስትረግጥ ፊቷ ሲለዋወጥ እያየሁ ነው የኖርኩት። የሚያብለጨልጨው ሴራሚክ ደግሞ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ስለዚህ ኩሽናውና መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ፣ ሳሎኑና የእማዬ መኝታ ቤት ፓርኬ ይሁን ብዬ ወሰንኩ። ውሳኔው ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። የሚቆጨኝ የገዛሁበት መንገድ ነው።

እነዚያን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ግድግዳው ሙሉ ናሙና ተደርድሯል። በር ላይ የቆመው ልጅ «እህቴ፣ ስንት ካሬ ነው?» እያለ ይጎትታችኋል። ዕቃው ግን እዚያ የለም፣ መጋዘን ነው። የምታዩት ከከፈላችሁ በኋላ ነው።

ባለሱቁ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ረጋ ያለ ሰው ነው። ያመንኩትም ስለ እርጋታው ነው። ሁሉንም በራሴ አፍ ነገርኩት። እናቴ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ አንዳንዴ ቧንቧ ክፍት ረስተን እንደምናድር። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከዚያ አንድ የእንጨት መልክ ያለው ናሙና አወረደና ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ሃይላንድ ውሃ ከፍቶ ግማሹን አፈሰሰበት። ውሃው ላዩ ላይ ተንጣልሎ ቆየ። እሱም አልተቻኮለም፣ ስለ እማዬ እየጠየቀኝ ቆየ። ቀጥሎ በሶፍት ጠረገው። «ንኪው» አለኝ። ነካሁት። ደረቅ ነው። «ይሄ ፓርኬ ውሃ አይፈራም። ለእናትሽ አንጥፊላት፣ ትመርቅሻለች» አለኝ።

ይህችን «ትመርቅሻለች» መቼም አልረሳትም።

30 ካሬ፣ በካሬ 1,800፣ 54,000 ብር። እዚያው ቆሜ በሞባይል አስተላለፍኩ። ደረሰኙ ላይ «ፓርኬ 30 ካሬ» ብሎ ጻፈ። እኔም አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ምን ዓይነት ፓርኬ እንደሆነ ጻፍልኝ አላልኩም።

ካርቶኖቹ በማግስቱ መጡ። ቀለሙ ያው ራሱ ነው። ሊያነጥፍ የመጣው ልጅ የመጀመሪያውን ሲቆርጥ ቀና ብሎ አየኝና «እህት፣ ይሄ ላሚኔት ነው አይደል?» አለኝ። «አይ፣ ውሃ የማይፈራው ፓርኬ ነው» አልኩት። ዝም ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ሲቆርጠው ቡናማ ብናኝ ይበንናል፣ ልክ እንደ ሰጋቱራ። አየሁት እኮ! በእጄ ጠራርጌ የጣልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሥራውን አስቁሜ ቢሆን ኖሮ ሃያ ስምንቱ ካሬ ገና ካርቶኑ ውስጥ ነበር። አንድ የሚያውቅ ልጅ እውነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮኝ፣ እኔ ያመንኩት የሸጠልኝን ሰውዬ ነው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሐሙስ ሌሊት ውሃ መጣ። የኩሽናው ቧንቧ ክፍት ነበር፣ ማጠቢያው ውስጥ ደግሞ ሳህን ነበር። አስር ሰዓት ላይ ስነቃ ውሃው ሳሎን ገብቷል። እኔና እማዬ በፎጣም በነጠላም ጠራረግነው። ሲነጋ የዳነ መስሎኝ ነበር። አርብ ማታ መጋጠሚያዎቹ ቀና ቀና ማለት ጀመሩ። ዛሬ ጠዋት ጠርዙ ሁሉ እንደ ተነከረ ዳቦ አብጧል። እማዬ ከመኝታ ቤት ስትወጣ እግሯን ይዟት፣ በሩን ባትደገፍ ኖሮ ትወድቅ ነበር። እንዳትወድቅ ብዬ ባሠራሁት ወለል!

አንዱን ነቅዬ በማዳበሪያ ይዤ ሄድኩ። አልጮህኩም። «ውሃ አይፈራም ብለኸኝ ነበር፣ እየው» አልኩት። አየው። ተነስቶ ያንኑ ናሙና ከግድግዳው አወረደ። ዛሬ ግን ገለበጠው። ጀርባው ግራጫ ነው፣ ያዢው ሲለኝ ደግሞ ይከብዳል። ከእኔው ጎን አስቀመጠው። የእኔ ጀርባው ተልጦ፣ ውስጡ እንደ ካርቶን ቡናማ ሆኖ ይታያል። ሁለቱ በላያቸው መንትያ ናቸው።

«ይሄ ኤስፒሲ ነው። አንቺ የወሰድሽው ላሚኔት ነው» አለኝ።

«ያሳየኸኝ ግን ይሄን ነው።»

«እኔ ያሳየሁሽ ቀለሙን ነው።»

ቀለሙን! ለቀለም ነው ውሃ የሚፈሰው? ደረሰኙን አወጣሁ። ሁለት ቃል ናት፣ ጣቱን አኖረባት። «ውሃ የማይፈራ የሚል አለ? አንብቢልኝ እስቲ» አለኝ። ሂሳብ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ቤቷን መዋኛ አድርጋው ነው እኛ ጋ የመጣችው» አለች። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ጭራሽ ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አላየም። አንድ ባልና ሚስት ገብተው ነበርና ወደ እነሱ ዞረ። ያንኑ ናሙና አነሳ። ሃይላንዱን ሲከፍት አየሁት። አትግዙ ልላቸው ፈልጌ እንባ ተናነቀኝና ወጣሁ። ምናልባት ያቺ ሴትዮ ይህን ታነበው ይሆናል።

እንግዲህ ልዩነቱን ዘግይቼ የተረዳሁት ይሄ ነው። ላሚኔት የተፈጨ እንጨት ተጨምቆ፣ ላዩ ላይ የእንጨት ፎቶ የታተመበት ወረቀት የተለጠፈበት ነው። ላዩ ውሃ ለጊዜው ይችላል፤ በመጋጠሚያው የገባው ውሃ ግን ያሳብጠዋል፣ አንዴ ካበጠ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። በድሮዎቹ የአዲስ አበባ ቪላዎች የምናውቀው ፓርኬ ሙሉ እንጨት ነው፤ ተፍቆ፣ ሰም ተቀብቶ ይታደሳል። ላሚኔት ቢፋቅ ፎቶው ይነሳል። ኤስፒሲ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ፕላስቲክ ነው፣ ውሃ አያሳብጠውም። ሦስቱንም «ፓርኬ» እያሉ ነው የሚሸጡልን። ላሚኔት ራሱ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ውሃ በማይደርስበት ክፍል ብዙ ሰው ተደስቶበት ይኖራል። በስሙ ቢሸጥልኝ ኖሮ ለመኝታ ቤቱ ብቻ እገዛው ነበር።

ስትገዙ የዕቃው ትክክለኛ ስምና ውፍረቱ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ ውሃ አይፈራም ካሏችሁም እሱን ይጻፉላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ናሙናውን ገልብጡት። ካርቶኑ ሲመጣ ከውስጡ አንድ ቁራጭ ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድሩ፣ ሳይነጋ አታስነጥፉ።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ ዛሬ አስረኛ ቀኔ ነው። ሰኞ ጠዋት ደረሰኙንና ያበጠውን ቁራጭ ይዤ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። እስከዚያው ሳሎኑ ላይ የድሮውን የፕላስቲክ ምንጣፍ መልሰን አንጥፈናል፣ እማዬ እንዳትደናቀፍ።