የአባቴን ላዳ ያስነሡልኝ የማርቆስ መካኒኮች

ላዳ ያላችሁ ሰዎች ይህን አንብቡልኝ፤ በተለይ ከደጀን እስከ ቡሬ ባለው መንገድ የምትኖሩ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ወደ ባሕር ዳር መውጫ በኩል፣ አንድ ትንሽ ጋራዥ አለ። ባለቤቱ ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ አልጽፍም። ላዳ የያዘ ሰው ጠይቆ አያጣቸውም። ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ውዬ ነው ያደርኩት ማለት ይቻላል፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ። አባቴ አዲስ አበባ ላይ በላዳ ታክሲ ነው ያሳደገን። ቅዳሜ ከሰዓት ኮፈኑን ከፍቶ ካንዴላ ሲያጸዳ ጨርቅ አቀባዩ እኔ ነበርኩ። እድሜው ሲገፋ ላዳዋን ራሱ እየነዳ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ትውልድ ቀዬው አማኑኤል ገባ። ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መኪናዋም ለእኔ ደረሰች። ሞዴሏ 2107 ናት። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ በደመወዜ ሌላ መኪና መግዛት አይታሰብም። በ2016 የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህማ ያገለገለውም ዋጋ ጣሪያ ነክቷል። ስለዚህ ይህችኑ ማኖር አለብኝ። ደግሞ የአባቴ ናት።

ችግሩ የጀመረው ከፍሪሲዮን ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ ከሚያስተላልፈው ክፍል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሌላ ከተማ ያለ ጋራዥ ወስጃት አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ ገጠምንልህ ተባልኩ፤ የአዲስ ዋጋ ከፈልኩ። አምስት ወር አልሞላውም። በዚያ በሐምሌ ዝናብ ወደ ማርቆስ ስመጣ መንገድ ላይ ጭራሽ ቆመች። አንድ የአይሱዙ ሾፌር በገመድ ጎትቶ ነው ከተማ ያስገባኝ። ሳንቲም አልተቀበለኝም፤ እግዜር ይስጠው።

ጋሼ ነው የምላቸው፣ ባለቤቱን። ከስልሳ ያለፉ ሰው ናቸው። ከሦስት ልጆች ጋር ይሠራሉ። ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አወረዱና ሸራውን አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «መምህር፣ ይኼ ከሌላ መኪና የወጣ ነው። ጠርዙን እየው» አሉኝ። አየሁት። አልቆ ችንካሩ ወጥቷል። የሠራብኝን ሰው አልሰደቡም፣ አላሙትም። ምን መግዛት እንዳለብኝ በወረቀት ጻፉልኝ፣ የት ሱቅ ምን ያህል ሊጠራብኝ እንደሚችልም ነገሩኝ፤ በቃ።

የወደድኩላቸውን ልናገር። ያልተበላሸ ነገር አይነኩም። እኔ «ካንዴላውንም እንቀይረው» ብዬ ነበር፤ አጽድተው መልሰው ገጠሙት፣ ገና ይሠራል ብለው። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በካርቶን አድርገው አስረከቡኝ። የእጅ ዋጋ 3,500 ብር ተስማማን፤ በመሀል የበር ማጠፊያና አንድ ፍሬቻ ሲጨምሩልኝ እንኳ ሒሳቡ ንቅንቅ አላለም። መኪናዋ አሁን የአማኑኤልን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለች።

ሦስት ቀን የቆየሁት ግን በእነሱ ጥፋት አይደለም። ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ መንገዱ ደግሞ ይዘጋል፣ ይከፈታል። በመጠበቅ ላይ ሳለን ቡና እየተፈላ ብዙ አወራን። ሁለተኛው ቀን ላይ ጋሼ ድንገት «ለመሆኑ የዚች መኪና ፋብሪካ አሁንም አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አባቴም ይህን ይጠይቅ ስለነበር አንብቤ አውቃለሁ። ነገርኳቸው።

ፋብሪካው አለ። አቭቶቫዝ ይባላል፤ ሩሲያ ውስጥ፣ ቮልጋ ወንዝ ዳር፣ ቶሊያቲ በምትባል ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1970 የጣሊያኑን ፊያት 124 መነሻ አድርጎ ነው የመጀመሪያዋን ላዳ ያወጣው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «አሃ፣ ለካ ለዚህ ነው እጄ የለመደው!» አሉ፤ በወጣትነታቸው ሥራ የተማሩት ፊያት ላይ ነው። ከተማዋ የቆመችው በዚያ ፋብሪካ ነው። ከ100,000 ሰው በላይ ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ፋብሪካው ወደቀ። በ2009 የሩሲያ የመኪና ገበያ በግማሽ ገደማ ቀነሰ፣ ያልተሸጠ ላዳ ሜዳ ሞላ። ማርች ላይ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፑቲን ቶሊያቲ ድረስ ሄደው 25 ቢሊዮን ሩብል ያለ ወለድ እንደሚሰጥ ቃል ገቡ። በኋላም ሌላ ብዙ ቢሊዮን ተጨመረ።

እዚህ ላይ ሁሉም «እፎይ» ያለ ይመስላችኋል። ኦገስት ላይ ፋብሪካው ወሩን ሙሉ ቆመ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሥራው የሳምንቱን ግማሽ ብቻ ሆነ፣ ደመወዙም አብሮ ተቆረጠ። በዚያው ወር ድርጅቱ ወደ 27,600 ሰው ለመቀነስ ማቀዱን አስታወቀ። ገንዘቡ ቃል ከተገባ ስድስት ወር አልሆነውም! በአንድ ቀን ሁሉም አልወጡም፤ ከፊሉ ቀድሞ ጡረታ እንዲወጣ ተደረገ። ግን አስቡት፣ ኑሮው በአንድ ፋብሪካ ላይ በተንጠለጠለ ከተማ ሥራ ያጣ ሰው የት ይሄዳል? በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መንግሥት ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን መኪናውን ለሚያስረክብ ሰው አዲስ መግዣ የሚሆን 50,000 ሩብል መስጠት ጀመረ። እንደ እኔ ላዳ ያሉት አሮጌዎች ለቁርጥራጭ ብረት ሄዱ፣ አዳዲሶቹ ተሸጡ፣ ፋብሪካው ቀና አለ። የወጣው ሠራተኛ ግን አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ2022 ትልቁን ድርሻ የያዘው የፈረንሳዩ ሬኖ ድርሻውን ለሩሲያ መንግሥት በ1 ሩብል ለቆ ወጣ። በ1 ሩብል!

ትንሹ ልጅ፣ ፒንሳ ይዞ ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ፣ «ጋሼ መምህር፣ መንግሥት ከከፈለ ሠራተኛው ለምን ይባረራል?» አለኝ። ጥያቄው ልቤን ነካው፤ የነገሩ ሥር ያ ነው። መንግሥት ገንዘብ ሲሰጥ «ወጪ ቀንሱ» ይላል። ዕዳና ማሽን ግን በቶሎ አይቀነሱም። ደመወዝና ሰው ይቀነሳሉ። ስለዚህ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አንዴ ግብር ከፋይ ሆኖ ያንኑ የማዳኛ ገንዘብ ያዋጣል፣ ሌላ ጊዜ ሥራውን ወይም የደመወዙን ግማሽ ይሰጣል። የሀብታም አገር ሠራተኛም ከዚህ አልዳነም። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ጁን 2009 ላይ ኪሣራ ሲያውጅ የአሜሪካ መንግሥት 50 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶበታል፤ በ2013 መጨረሻ የመጨረሻ አክሲዮኑን ሲሸጥ ከ10 ቢሊዮን በላይ ሳይመለስ ቀረ። የሠራተኛ ማኅበሩ እስከ 2015 የሥራ ማቆም አድማ እንዳያደርግ ተስማማ። አዲስ ተቀጣሪ አንድ ዓይነት ሥራ እየሠራ በሰዓት 14 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር፣ አጠገቡ የቆመው ነባር ግን ወደ 28። ይህ ሁለት ዓይነት ደመወዝ በ2007 ውል የተጀመረ ነው፤ የማዳኛው ገንዘብ ሲመጣ ጸና። በአብዛኛው የተነሣው በ2023፣ ስድስት ሳምንት ከፈጀ አድማ በኋላ ነው። ዴልፊ የሚባለው፣ ቀድሞ የጄኔራል ሞተርስ አካል የነበረ ዕቃ አምራች ደግሞ አለ፤ የማኅበር አባል ያልነበሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሠራተኞቹ የጡረታ መብታቸው ሲነካ፣ የማኅበሩ አባላት ጡረታ ግን በጄኔራል ሞተርስ ተሞላ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው የሠሩ ሰዎች ናቸው።

ባይረዷቸው ይሻል ነበር ልል አይደለም። ቢወድቁ ኖሮ መለዋወጫ አምራቹም፣ ሻጩም፣ ዳቦ ጋጋሪውም አብሮ ይወድቅ ነበር፤ ይህን አምናለሁ። የሚያንገበግበኝ ለባንክና ለባለ አክሲዮን ዝርዝር ውል ሲጻፍ ለሠራተኛው «ይህን ያህል ሰው አይነካም» የሚል አንድ መስመር መጥፋቱ ነው። ያ መስመር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውን ማሰብ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጋራዥ ልገመግም ተነሥቼ ለምን አወራለሁ? ምክንያቱም ጋሼ መልሳቸውን በሥራ አሳይተውኛል። ቅዳሜ ማታ የሳምንቱን ገቢ ጠረጴዛ ላይ አፍስሰው ቆጠሩ። የኪራዩንና የመብራቱን አወጡ፣ የቀረውን ከልጆቹ ጋር ተካፈሉ። ትልቁ ልጅ እንደነገረኝ አምና መንገዱ ተዘግቶ በሳምንት አንድ መኪና ብቻ የገባበት ጊዜ ነበር። ማንንም አላሰናበቱም። የሁሉም ድርሻ አነሰ፣ የእሳቸውም እኩል አነሰ። «ልጆቹን ካባረርኩ ሥራው ሲመለስ በማን እጅ ልሠራው ነው?» አሉኝ። ማንም የማዳኛ ገንዘብ አልሰጣቸውም፣ የጠየቁም አይመስለኝም።

ጉድለቱንም አልደብቅም። ደንበኛ የሚቀመጥበት ጥላ የለም፤ ክረምት ላይ ዣንጥላ ይዛችሁ ሂዱ። ስልክ በጠዋት ነው የሚነሣው፣ ከሰዓት እጃቸው ዘይት ነው። ደረሰኝ የላቸውም፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ብቻ ነው፤ ለመሥሪያ ቤት መኪና አይሆንም። ቀለምና የቆርቆሮ ሥራ አይሠሩም። ሰው ሲበዛ ቀጠሮ ያዛንፋሉ፤ ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ሁለት ቀን ተመላልሶ ተቆጥቶ ነበር፣ እውነቱን ነው።

ዕቃችሁን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ብትሄዱ መጠበቁ ይቀርላችኋል። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ግን አሮጌውን አሳዩአቸው፣ ቁጥሩን እሳቸው ይጻፉላችሁ። እኔ ለመስከረም መጨረሻ ቀጠሮ ይዣለሁ። ማርሚታዋ ትንሽ ድምፅ አላት፤ ትንሹ ልጅ «እሱን እኔ ነኝ የምሠራልህ» ብሎኛል።