ጊዮርጊስን በፍላሽ ያስገባሁበት ፕሌይስቴሽን 4፦ ከ9 ወር በኋላ

ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም ፒያሳ ከገዛሁ 9 ወር ሞላኝ። 500 ጊጋባይት ነው፤ ከሁለት ጆይስቲክ ጋር። ምስሉ ለኔ ቴሌቪዥን ይበቃል። ሰፈራችን አራት ኪሎ መብራት ድንገት ድርግም ሲል፣ መልሶ ሲነሳ «በአግባቡ አልጠፋሁም» ብሎ ያኮርፍና ዲስኩን ይፈትሻል። እስካሁን ሴቭ ያደረግሁት አንድም ጌም አልጠፋብኝም። ምቀኛ አይስማ።

አንጀቴን ያሳረረኝ ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ ፒሲ አለው። ፔስ 2021 በሚባለው የእግር ኳስ ጌም ላይ ፓች (ጌሙን የሚቀይር ፋይል) ጭኖ የተጫዋቾቹን ፊት፣ ስታዲየሙን፣ የኮሜንታተሩን ድምፅ ሳይቀር ለውጦታል። ቀናሁ። ያንኑ ፓች በፍላሽ ገልብጬ ፕሌይስቴሽኑ ላይ ሰካሁት። ዝም። ፋይሉን ከቁብም አልቆጠረው። «ጋሼ፣ ያንተ እኮ ዘበኛ አለው» ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን ነው። ፒሲ ላይ የጌሙ ፋይሎች ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ አንዱን አውጥቶ ሌላ መተካት ነው። ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ የጌም ማሽን) ግን የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ፣ ማለትም የይለፍ ማኅተም፣ የሌለበትን ፕሮግራም አያስነሳም። ዘበኛው እንዲያው አልተቀጠረም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዊ የተባለው የኒንቴንዶ ኮንሶል መቆለፊያ የተሰበረው በአንድ የዜልዳ ጌም ሴቭ ፋይል ነበር። ሴቩ ውስጥ የፈረሱ ስም ከተፈቀደለት ቦታ በላይ ረዝሞ ተጻፈ። ጌሙ ስሙን ሲያነብ ሚሞሪው ሞልቶ ፈሰሰ፤ በዚያው ያልተፈቀደ ፕሮግራም ገባ። በፈረስ ስም! እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከተከፈተ ኮፒ ጌም ይከተላል። ኮንሶል ሠሪዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያተርፉት ከማሽኑ ይልቅ ከሚሸጠው ጌም ነው። ለእኛ ደህንነት ብቻ አስበው ነው የሚለኝ ካለ አልሰማውም።

ለሠሪዎቹ ሌላም ራስ ምታት አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የሚባል ጌም ውስጥ ተደብቆ የቀረ የወሲብ ትዕይንት በሞድ (ተጫዋቾች ጌሙን ለመቀየር በሚሠሩት ፋይል) ተከፈተ። አሜሪካ ውስጥ የጌሙ የዕድሜ ደረጃ ወደ «ለአዋቂ ብቻ» ከፍ አለ፤ ሱቆችም ከመደርደሪያ አወረዱት። ትዕይንቱን እዚያ የተወው ሠሪው ራሱ ቢሆንም፣ በሩን የከፈተው የተጫዋች ሞድ ነው።

ጨርሶ ዝግ ነው ማለት ግን አይደለም። ፎልአውት 4 ለሚባል ጌም እ.ኤ.አ. በ2016 ኮንሶል ላይ ሞድ ሲፈቀድለት፣ ኤክስቦክስ ዋን በተባለው የማይክሮሶፍት ኮንሶል ላይ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ማስገባት ተቻለ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሞዱ ጌሙ ውስጥ ቀድሞ ያለውን ዕቃ ብቻ እንዲያገላብጥ ተፈቀደለት። ፔስ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፦ ፕሌይስቴሽን 4 የማልያና የአርማ ምስል ከፍላሽ ይቀበላል፣ ኤክስቦክስ ዋን አይቀበልም። ምስል ነው፣ ፕሮግራም አይደለም፤ ዘበኛው ፈትሾ ያሳልፈዋል።

ይቺን ሳውቅ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። የጊዮርጊስንና የቡናን ማልያ ሠራሁ። የተጫዋቾቹን ስም በጆይስቲክ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩ። የቡና ቡናማ ቀለም መጀመሪያ ጭቃ መሰለ። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ምስሉ እየገባ ሳለ መብራት ሄደ። እንደገና ከሀ።

ፊትና ስታዲየም መቀየር ለምትፈልጉ ይህ ማሽን አይሆናችሁም፤ ፒሲ ግዙ። የእህቴ ልጅ ግን ፓቹ እየተበላሸበት ጌሙን ሦስቴ እንደ አዲስ ጭኗል። የኔው አንድም ቀን አልተንገራገጨም። ባለፈው እሑድ መጣና ቡናን መርጦ ተቀመጠ፤ ደጋፊ ነው። 3 ለ 1 እየመራሁት ሳለ አፉን የከፈተው ስለ ማልያው ነበር፦ «ጋሼ፣ ቡናማው አሁንም ትንሽ ጭቃ ነው።»